ክረምቱን ስቶክሆልም፣ አክስት ቤት፦ ለአርክቴክቸር ተማሪዋ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጸሐፊዋ ልደታ ካምፓስ የአራተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። ስቶክሆልም፣ ቴንስታ የሚኖሩ አክስቷ «ክረምቱን እኔ ጋ አሳልፊ» ብለዋታል። ጓደኞቿ «ሁለት ወር ሬስቶራንት ሰሃን ብታጥቢ የዓመት ወጪሽን ትሸፍኛለሽ» ይሏታል። «ከሄድሽማ ምን ሊያመጣሽ» የሚሉም አሉ። እናቷ ደግሞ እዚያው ኢንተርንሺፕ ብታገኝ ይወዳሉ። እሷ የምትፈራው ክረምቱ በሽርሽር አልቆ፣ አዲስ አበባ ቀርተው ኦፊስ የገቡት የክፍል ጓደኞቿ እንዳይቀድሟት ነው።

እህቴ፣ ሂጂ። ግን መጀመሪያ ሰሃኑን እንጨርስ።

በጉብኝት ቪዛ ስዊድን ውስጥ መሥራት አይፈቀድም። የሥራ ፈቃድ በመደበኛው አሠራር የሚጠየቀው ወደ አገሩ ሳይገባ ነው። «እጅ በእጅ ስለሆነ ማን ያያል» ይሉሻል። ብትያዢ ግን መባረር አለ፣ ከዚያም ለዓመታት ወደ ሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ ወደሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) እንዳትገቢ መከልከል ሊከተል ይችላል። ጣጣው አንቺ ጋ ብቻ አይቀርም፤ ጥሪው ላይ የፈረሙት አክስትሽ ናቸው። የእናትሽ ሐሳብ ቅን ነው፤ ኢንተርንሺፑም ግን ደሞዝ ባይኖረውም እንደ ሥራ ቁጠሪው። ያለ ፈቃድ አትግቢበት።

መቅረቱንም ተይው። ቪዛው ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው የሚያስቆየው። የሸንገን አገሮች ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ፓስፖርት ላይ ማህተም መምታቱን በጣት አሻራና በፊት ፎቶ ምዝገባ መተካት ጀምረዋል፤ ያሳለፍሻትን አንዲት ቀን ሲስተሙ ይቆጥራታል። ስንት ሌሊት ስቱዲዮ ያደርሽበትን ዲግሪ ጫፉ ላይ ጥለሽ ወረቀት አልባ መሆን ደግሞ በኔ ግምት ኪሳራ ነው።

«ታዲያ ምን ልሥራ?» ካልሽ፣ አክስትሽ የሚኖሩበትን ሕንፃ ለኪው፣ ሳዪው፣ መርምሪው።

ቴንስታ ለአንቺ ሙያ ተራ ሰፈር አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1974 ባሉት አሥር ዓመታት አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ቤት ሠርታለች። ያኔ የሕዝቧ ቁጥር ስምንት ሚሊዮን ገደማ ነበር። «ሚሊዮን ፕሮግራም» ይሉታል። ቴንስታ፣ ሪንከቢና ሁስቢ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ ዛሬ ሐበሻው በብዛት ከሚኖርባቸው ሰፈሮች መካከልም ናቸው። የቤት እጥረት፣ የመንግሥት ዕቅድ፣ ቶሎ ቶሎ የተገጣጠመ ኮንክሪት፣ ከተማ ዳር የተተከለ ሰፈር። የት ታውቂዋለሽ? ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ። እኛ በራሳችን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮንዶሚኒየም ስንጀምር እነሱ በቤቶቹ 30 ዓመት ኖረውባቸው ነበር። እና አንቺ የምትሄጂው ኮንዶሚኒየም ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ወደሚታይበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ኦፊስ የገባው ጓደኛሽ ይሄን አያገኝም።

ከልብስ ማጠቢያው ጀምሪ። እዚያ የአፓርታማ ነዋሪ ብዙውን ጊዜ የሚያጥበው በጋራ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ምድር ቤት ወይም ግቢው ውስጥ ለብቻው ይሠራል። ግድግዳው ላይ የቀንና የሰዓት ሰሌዳ አለ። በድሮው ዓይነት እያንዳንዱ ቤት የራሱ ትንሽ ቁልፍ አለው፤ የፈለገው ሰዓት ቀዳዳ ላይ ይሰካና ይቆልፋል፣ ሰዓቱ የሱ ሆነ ማለት ነው። አሁን አሁን በስክሪን የሆነበትም አለ። ሰዓቱን ያሳለፈ ወይም ማሽኑን ሳያጸዳ የሄደ ሰው በማግስቱ በር ላይ በቁጣ የተጻፈ ማስታወሻ ተለጥፎ ያገኛል። ፊት ለፊት የሚናገረው የለም፣ ወረቀቱ ግን ይናገራል።

አሁን የኛን ኮሚናል አስቢ። ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበግ ማረጃ፣ ለድግስ ተብሎ የተሠራው ቤት ስንት ብሎክ ላይ ሱቅ ወይም መጋዘን ሆኗል? የነሱ ሃምሳ ዓመት ሲያገለግል የኛ ለምን አልቆየም? መጠኑ ነው? የተቀመጠበት ቦታ? ቁልፉን የሚይዘው ሰው? ይሄ ጥያቄ ብቻውን የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ሜትርና ስኬች ቡክ ይበቃሻል። የደረጃውን ስፋት ለኪ። ከሕንፃ ሕንፃ ያለውን ርቀት፣ የግቢውን ጥላ፣ መኪና የት ቆሞ ሰው በየት እንደሚያልፍ መዝግቢ። የአክስትሽን ኩሽና በፕላንም በሴክሽንም (ከላይም፣ ከጎን ተቆርጦም እንደሚታየው) ሳዪው። እንጀራ ቤታቸው የሚጋግሩ ከሆነ ምጣዱ የት ተቀመጠ? እንፋሎቱስ በየት ይወጣል? ያን ኩሽና የነደፈው አርክቴክት ምጣድ አላሰበም፤ ቤተሰቡ እንዴት እንዳመቻቸው ማየት ደግሞ ያንቺ ፋንታ ነው። ነዋሪውን ጠይቂ፣ ስሚ። ሰዎችን፣ በተለይ ልጆችን፣ ሳታስፈቅጂ ፎቶ አታንሺ። እነዚህ ሰፈሮች እዚያው አገር ብዙ ይወቀሳሉ፤ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፣ ስደተኛውና ድሃው ብቻውን የቀረባቸው ሆኑ ይባላል። ወቀሳውንም ጻፊው፣ አክስትሽ ሰፈራቸውን የሚወዱበትንም ምክንያት ጻፊው።

ከዚህ አሥር ገጽ ጥሩ ሥራ ይወጣል። ፖርትፎሊዮሽ ላይ ይግባ። «ስቶክሆልም ነበርኩ» ማለት ኢንተርቪው ላይ ነጥብ አያሰጥም። በእጅሽ የለካሽው ሕንፃ ግን ቀጣሪው ጥያቄ የሚጠይቅበት ነገር ይሆናል፤ ጥያቄ ከመጣ ደግሞ ወሬው ያንቺ ነው።

ከቴንስታ ወጣ ስትዪ ሼፕስሆልመን ደሴት ላይ ያለውን የአርክቴክቸርና ዲዛይን ማዕከል፣ አርክዴስን እይ። ስዊድናውያኑ አርክቴክቶች አስፕሉንድና ሌቨረንትዝ የነደፉት ስኩግስሺርኮጎርደንም አይቅርብሽ። እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ የመቃብር ስፍራ ነው። «ስዊድን ሄዳ መቃብር ጎበኘች» ብለው ቢስቁብሽ ሳቂላቸው።

ባለሙያ ማግኘት ትችያለሽ፣ ጊዜውን ካወቅሽበት። የስዊድን ሠራተኛ በበጋው፣ ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ፣ አራት ተከታታይ ሳምንት እረፍት የመውሰድ መብት በሕግ አለው። ብዙው የሚወጣው በጁላይ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የላክሽው ኢሜይል መልስ ባያገኝ አትዘኚ። ከቻልሽ ጉዞሽን ወደ ሐምሌ አጋማሽ ግፊው፣ ኢሜይሉን ግንቦት ላይ ላኪ፣ ቀጠሮውን ለነሐሴ አጋማሽ ጠይቂ። የምትጠይቂው ሥራ ሳይሆን የግማሽ ሰዓት ጉብኝት ይሁን። መግቢያም አለሽ፦ የምትማሪበት የልደታው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ነው። ይሄን የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ላይ አስገቢው።

ማስተርሱን በተመለከተ፣ አገሩን ስታዪ ልብሽ መከጀሉ አይቀርም። ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ትምህርቱ በክፍያ ነው፣ ክፍያውም ይከብዳል። ለመከር ሴሚስተር የሚያመለክት ሰው ከቀደመው ዓመት ኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ በአንድ ድረ ገጽ ያመለክታል፤ ማመልከቻው 900 ክሮና ነው። የስዊድን ኢንስቲትዩት ለማስተርስ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ያህል አዲስ አበባ ሥሪ፣ ከዚያ አመልክቺ። ያኔ የቴንስታው ሥራ ለማመልከቻ ደብዳቤሽ ጥሩ ወሬ ይሆንልሻል።

አክስትሽ ቤት እንግዳ ሆነሽ አትክረሚ። የሥራ ፈረቃቸውን ጠይቂ፣ ኩሽና ግቢ፣ የማጠቢያ ሰዓታቸውን አትብዪባቸው። ከተማው ጥሬ ገንዘብ እየረሳ ነው፤ ሁሉም በካርድና በስልክ ስለሚከፍል ወጪሽን እንዴት እንደምትጨርሱት ከመሄድሽ በፊት ተነጋገሩ። «ባል እናስተዋውቅሽ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እሱን እኔ አልመክርሽም፣ ክፍሌ አይደለም።

የቪዛውን ወረቀት አሁን ጀምሪ። ማመልከቻውን ከጉዞው ስድስት ወር ቀድመው መቀበል ይጀምራሉ፤ በክረምት ጠያቂው ስለሚበዛ አታዘግዪው። አክስትሽ ከጥሪው ፎርም ጋር ከግብር መሥሪያ ቤቱ የነዋሪነት ማስረጃ ያወጣሉ፤ እዚያ አገር የነዋሪ መዝገብ የሚይዘው እሱ ነው። ያንቺ ፋንታ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስና ከሸንገን ከወጣሽ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይ ፓስፖርት ነው። ትልቁ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ መሆንሽንና ትምህርት የሚጀመርበትን ቀን የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ነው፤ ተመላሽ መሆንሽን የሚያሳየው እሱ ነው። ደብዳቤውን ፈተና ሳይደርስ ጠይቂ። በፈተና ሰሞን ሬጅስትራር መስኮት ላይ ያለውን ሰልፍ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።