ቁንጫ በሽታን እንዴት ታስተላልፋለች? ጥያቄና መልስ

ስለ ቁንጫ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቁንጫ ሁሉ ቸነፈር (ፕሌግ የሚባለውን በሽታ) ታስተላልፋለች?

መልስ፦ የለም። ወደ 2,500 ከሚጠጉት ዝርያዎች ዋነኛዋ አስተላላፊ የአይጥ ቁንጫ ናት።

ጥያቄ፦ እንደ ወባ ትንኝ በምራቋ ነው የምታስገባው?

መልስ፦ አይደለም፤ በሰፊው ልመልስ። ከቁንጫዋ ሆድ በላይ፣ የተጠጣው ደም እንዳይመለስ የምትከለክል በጥቃቅን እሾህ የተሞላች በር አለች። የቸነፈር ባክቴሪያ እሾሁ ላይ ተጣብቆ ይራባና በሚያዝለገልግ ነገር ራሱን ሸፍኖ መተላለፊያውን ይደፍነዋል። ቁንጫዋ ደም ብትስብም ሆዷ አይደርስም። ረሃቡ ስለሚጠናባት ደጋግማ ትነክሳለች፤ የሳበችው ደም ከድፍኑ ጋር ተላትሞ ባክቴሪያውን ይዞ ወደ ቁስሉ ይመለሳል። በመጨረሻ ራሷም በረሃብ ትሞታለች። ይህን ባኮትና ማርቲን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1914 አሳይተዋል። ሳትደፈንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልታስተላልፍ እንደምትችል ግን አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ ታዲያ አይጦቹን መግደል አይበቃም?

መልስ፦ እባካችሁ፣ በሽታው በገባበት ስፍራ ከአይጥ አትጀምሩ! አይጥ ሲሞት ገላው ይቀዘቅዛል፤ ቁንጫዎቹም ጥለውት ትኩስ ደም ፍለጋ ይወጣሉ፣ ሰው ላይም ይወርዳሉ። መጀመሪያ ቁንጫው፣ ቀጥሎ አይጡ። የሞተ አይጥም በባዶ እጅ አይነሳም።

ጥያቄ፦ የነከሰችኝን ቦታ ባክ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። በአይጥ ቁንጫ የሚመጣው ተስቦ በዋናነት የሚተላለፈው በኩሷ ነው። የነከሰችውን ቦታ ስናክ ኩሱን በጥፍራችን ወደ ቁስሉ እናስገባዋለን። ቦታውን በሳሙና እጠቡት።

ጥያቄ፦ ኤች አይ ቪስ?

መልስ፦ አታስተላልፍም።

ጥያቄ፦ ለወራት ተዘግቶ የነበረ ቤት ስንከፍት ቁንጫ ወረረን። ምን በልቶ ኖረ?

መልስ፦ ምንም አልበላም። እጩ፣ ማለትም ከእንቁላል የሚወጣው ትል መሰል የቁንጫ ልጅ፣ የትልልቆቹን የደረቀ ደም ያለበት ኩስ እየበላ ያድግና በሐር ክር ሽፋን ውስጥ ይጠቀለላል። ሽፋኑ ላይ አቧራ ስለሚጣበቅበት ከወለሉ አይለይም። በውስጡ ያደገችው ቁንጫ ለወራት ጸጥ ብላ መቆየት ትችላለች፤ የእግር ንዝረት፣ የገላ ሙቀትና የትንፋሽ አየር ሲደርስባት ትወጣለች። የቀሰቀሳችኋት እናንተው ናችሁ።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ወደ ሐኪም የምንሮጠው?

መልስ፦ ቸነፈር ባለበት አካባቢ ድንገተኛ ትኩሳትና የሚያም ንፍፊት በብሽሽት፣ በብብት ወይም በአንገት ከታየ፣ በዚያው ዕለት። አንቲባዮቲክ ቶሎ ሲጀመር ያድናል።