ማዳበሪያው ለምን አልሠራም? ስለ አፈርና ስለ ሰብል ጥያቄና መልስ

በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ የምትኖሩ፣ ነገር ግን በገጠር የሚያርስ ቤተሰብ ያላችሁ ሰዎች ለላካችኋቸው ጥያቄዎች ከአፈር ምርምር ሥራዬ በመነሣት እንደሚከተለው መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ በሆለታ አካባቢ ገብስ ያመርታሉ። ማዳበሪያ በየዓመቱ ቢጨምሩም ምርቱ እየቀነሰ ነው። ማዳበሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ማዳበሪያውን ከመጠርጠርዎ በፊት አፈሩን ያስመርምሩ። ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋማ ቦታዎች ውኃው ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ለዘመናት እያጠበ ስለሚወስድ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች (ሲያንስ አሲዳማነቱ ይብሳል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ስለሚጣበቅ፣ አባትዎ በውድ ገዝተው የጨመሩት ማዳበሪያ እዚያው አፈሩ ውስጥ እያለ ገብሱ ይራባል። ገብስ ደግሞ አሲዳማነትን እምብዛም የማይችል ሰብል ነው። ምርመራው ይህን ካረጋገጠ መፍትሔው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከዘር ወቅት ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ነው። ኖራው ማዳበሪያውን አይተካም፤ ሥራውን እንዲሠራ መንገድ ይከፍትለታል እንጂ። መጠኑ ብዙውን ጊዜ በሄክታር በቶን የሚቆጠር በመሆኑ፣ በእኔ አስተያየት ገበሬውን ከዕውቀት ማነስ ይልቅ የሚፈትነው ማጓጓዣው ነው።

ጥያቄ፦ ለምርመራ የሚሆነውን አፈር ከየት ልውሰድ?

መልስ፦ ከአንድ ቦታ ብቻ አይውሰዱ። ማሳውን በጠመዝማዛ መስመር እያቋረጡ ከ15 ያህል ቦታዎች እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፍሩ፤ አፈሩን በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ደባልቀው አንድ ኪሎ ያህል ያስቀሩና በጥላ ሥር ያድርቁት። ከዛፍ ሥር፣ ከኩይሳና ፍግ ከሚከማችበት ቦታ ይራቁ። አንድ ጊዜ ከበረት አጠገብ የተዛቀ ናሙና ደርሶኝ ነበር፤ ውጤቱን ያየ ሰው ማሳው ምንም አልጎደለውም ይል ነበር።

ጥያቄ፦ የሰብል ተመራማሪና የአፈር ተመራማሪ ሥራቸው አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ ያለ ሌላው አይሄድም። የሰብል አዳቃዩ ዝርያውን ያሻሽላል፤ እኛ ዝርያው የሚቆምበትን መሬት እናጠናለን። በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣውን ቁንጮ ጤፍ ብንወስድ፣ ምርታማ የሆነን ዝርያ ነጭና በገበያ ከሚፈለግ ሌላ ዝርያ ጋር በማዳቀል የተገኘ ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ የሚከፈተው በማለዳ ለአጭር ጊዜ ስለሆነ፣ አዳቃዩ በአጉሊ መነጽር ሥር በመርፌ ጫፍ ይሠራል። ያም ሆኖ ቁንጮ ውኃ በሚተኛበት መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ላይ ናይትሮጅን ካጠረው አቅሙን አያሳይም፤ ናይትሮጅኑ ከበዛም ይጋሽባል፣ ማለትም አገዳው መቆም አቅቶት መሬት ላይ ይወድቃል። መጠኑን የምንወስነው ልዩ ልዩ መጠኖችን በገበሬ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ፈትነን፣ ሙከራውንም ከአንድ የዝናብ ወቅት በላይ ደግመን ነው።

ጥያቄ፦ የታወቀ የስንዴ ዝርያ በዋግ የሚመታው ዘሩ ስላረጀ ነው?

መልስ፦ ዘሩ አላረጀም፤ ዋጉ፣ ማለትም በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ፣ ተለውጦ ነው። ዲገሉ የተባለው ዝርያ በሰፊው ከተዘራ በኋላ፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 በባሌና በአርሲ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ክፉኛ መታው። ስለዚህ ለቤተሰብዎ አንድ ዝርያ ብቻ እንዲዘሩ አልመክርም።

ጥያቄ፦ በግቢዬ ጎመን ብተክል ይበቅላል?

መልስ፦ ይበቅላል። የግንባታ ፍርስራሽ የተቀበረበት ከሆነ ግን በሲሚንቶው ምክንያት አፈሩ የሆለታው ተቃራኒ፣ ማለትም አልካላይን፣ ሊሆን ስለሚችል ኖራ አይጨምሩበት፤ ብስባሽ ይበቃዋል።