የአንባቢ ጥያቄ፦ ሰው የለቀቀው ቤት ገብቼ ፎቶ ባነሳ ያስጠይቀኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ የተዘጉ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ገብቶ ፎቶ ማንሳት በቃ ሱሴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳና ሰባራ ባቡር እዞራለሁ፣ ግን ወይ ጥበቃ ያባርረኛል ወይ ስገባ ፎቶው ጨልሞ ይወጣል። የማነሳው በስልክ ነው። በህግስ ያስጠይቃል እንዴ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ አንሳ፣ ፒያሳ በ2016 በኮሪደር ልማቱ ምን ያህል እንደፈረሰ አንተው አይተኸዋል።

ህጉን በተመለከተ፣ ሰው የለቀቀው ያልከው ቤት ባለቤት አለው። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ እነዚያ ሰገነት ያላቸው ትልልቅ የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ ወደ ቀበሌና ወደ ኪራይ ቤቶች ነው የገቡት፣ ስለዚህ አጥር ዘለህ ከገባህ ያስጠይቅሃል፣ ደግሞ ፊት ለፊቱ ተቆልፎ ከኋላ ሰርቪሱ ውስጥ ቤተሰብ የሚኖርበት ስንት አለ መሰለህ! የሰው ልብስ ተሰጥቶ ካየህ እሱ ባዶ ቤት አይደለም፣ ስልክህን ኪስህ ክተትና መጀመሪያ ሰላም በል። በር ላይ ያሉትን አባባ ወይ እማማ ቁጭ ብለህ ብታወራቸው ቤቱ የማን እንደነበር ሁሉ ይነግሩሃል፣ ለኔ እንደውም ከፎቶው የሚበልጠው እሱ ነው። ወረዳ ሄደህ ፈቃድ መጠየቅም ይቻላል፣ ትዕግስቱ ካለህ።

ከገባህ ወለሉን ተጠንቀቅ። ጣውላው በምስጥ የተበላ ሊሆን ስለሚችል መሀል መሀሉን አትርገጥ፣ ግድግዳውን ተጠግተህ ሂድ። በክረምት ደግሞ የጭቃ ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ ድንገት ይናዳል፣ እኔ ብሆን ከሰኔ እስከ መስከረም ከውጪ ብቻ ነው የማነሳው። ብቻህን አትግባ። ቁንጫውን ደግሞ ማንም አይነግርህም እኔ ልንገርህ፣ ሱሪህን ካልሲህ ውስጥ ክተት።

ጨለማውን በፍላሽ ለማሸነፍ አትሞክር፣ አቧራው ብርሃኑን መልሶ ነጭ ነጠብጣብ ያደርግብሃል። ስልኩን መስኮት ደፍ ወይም ወንበር ላይ አስደግፈህ ናይት ሞድ ላይ አድርገው፣ በሰዓት ቆጣሪው አንሳ፣ እንዳይነቃነቅ። መስኮቱ ከበራብህ ስክሪኑ ላይ መስኮቱን ነካ አድርገህ ብርሃኑን ቀንስ፣ ጥላውን በኋላ ኤዲት ስታደርግ ታወጣዋለህ።

በነገራችን ላይ ለገሃርንም አትርሳ። የድሮው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፣ አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መነሻውን ለቡ ካደረገ ወዲህ ጣቢያው ሌላ ነገር ሆኗል፣ ግን እዚያም ጥበቃውን አስፈቅድ። ትራይፖድ ይዘህ እንዳትሄድ ብቻ፣ ትራይፖድ ካዩ ጋዜጠኛ ነው ብለው ደብዳቤ አምጣ ይሉሃል።