ወንድሜ ትራሱ ሥር ቢላዋ ማስቀመጥ ጀምሯል

ጥያቄ፦ የ22 ዓመቱ ወንድሜ ላለፉት ጥቂት ወራት ከክፍሉ አይወጣም። ሌሊት አይተኛም፤ ብቻውን ያወራል፤ ጎረቤቶች ሊገድሉት እንዳሰቡ ይናገራል። ሰሞኑን ትራሱ ሥር ቢላዋ አገኘሁ። እስካሁን ማንንም አልመታም። አባታችን «ይለቀዋል» ይላሉ። የአእምሮ ሕመም ከሆነ አደገኛ ነው ማለት ነው? እስከ መቼስ እንጠብቅ?

መልስ፦ ምንም አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሰው እስኪመታ መቆየት ለእናንተም ለእሱም ክፉ ነው።

የገለጹልኝ ሁኔታ ሳይኮሲስ የሚባለውን ይመስላል፤ ይኸውም ሰው ከእውነታው ርቆ የሌለ ነገር የሚያምንበት ወይም የሌለ ድምፅ የሚሰማበት ሁኔታ ነው። ሳይኮሲስ ከሚያመጡት የአእምሮ ሕመሞች አንዱ የሆነው ስኪዞፍሬንያ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በዚህ ዕድሜ ነው፤ አደንዛዥ ዕፅ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአንጎል ኢንፌክሽንም ተመሳሳይ ምልክት ሊያመጡ ስለሚችሉ የደም ምርመራ ቢታዘዝለት አይገረሙ።

አብዛኞቹ የአእምሮ ሕሙማን ማንንም አይጎዱም፤ እንዲያውም ጥቃት ከሚያደርሱት ይልቅ የሚደርስባቸው ይበዛሉ። ራሳቸውን የማጥፋት ስጋትም አለ፤ ቤተሰብ ግን ሌላውን እየፈራ ይህን ይዘነጋዋል። ቢሆንም አደጋ የለም ብዬ አላታልልዎትም። አደጋው የሚጨምረው ሕመሙ ሳይታከም ሲቆይ፣ አልኮል ወይም አደንዛዥ ዕፅ ሲታከልበት፣ የሚሰማው ድምፅ «ምታ» ብሎ ሲያዘው ነው። ወንድምዎ ቢላዋውን የያዘው ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት ይመስለኛል። የፈራ ሰው ግን ራሱን ያዳነ መስሎት ሊመታ ይችላል፤ በአጠገቡ የሚገኘው ደግሞ ቤተሰቡ ነው።

«ማንም አይገድልህም» ብላችሁ አትከራከሩት፤ «እንቅልፍ ካጣህ ቆየህ፤ ሐኪም ይይህ» በሉት። ሕመሙን የማይቀበል ሰው ስለ እንቅልፉ ሲነሳ እሺ ሊል ይችላል። ስለታም ነገሮችን እሱ በሌለበት አርቁ፤ ከእጁ ለመንጠቅ ግን አትሞክሩ። ካስፈራራችሁ ከክፍሉ ወጥታችሁ የድንገተኛ እርዳታ ጥሩ። መድኃኒት በምግብ ደብቆ መስጠትን አልደግፍም፤ የደረሰበት ቀን «እየመረዙኝ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ማንስ ይፈርድበታል?

ሕክምና ሲጀምር እንቅልፉ በቀናት ውስጥ ሊስተካከል ይችላል፤ ጥርጣሬው እስኪለቀው ግን ሳምንታት ይወስዳል። ሲሻለው መድኃኒቱን ማቆም ይፈልግ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ካገገመ በኋላም ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ዓመት እንዲቀጥል ነው።

ሐኪሙ ዘንድ አብረውት ይግቡ። የቢላዋውን ነገር አፍረው እንዳይደብቁት፤ ተኝቶ ይታከም ወይስ ከቤት እየተመላለሰ የሚለው ውሳኔ በአመዛኙ በዚህ ላይ ይመሠረታል።