ከገበሬ በውል የሚገዛ ቦታ ያዋጣል ወይ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እኔ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ መምህር ነው። ዳቶ አካባቢ በተከራየናት አንድ ክፍል ከሁለት ልጆቻችን ጋር እንኖራለን፤ ኪራዩ በየጊዜው ይጨምርብናል። የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ይጀመራል ሲባል ብዙ ጠበቅን። አሁን አንድ ደላላ ከከተማው ዳር ካለ ገበሬ 200 ካሬ ሜትር ቦታ በውል ሊያስገዛን ነው፤ «ውሎ አድሮ ካርታ ይወጣለታል» ይለናል። የባለቤቴ ባልደረቦች ደግሞ የቤት ማኅበር እያቋቋሙ ነው። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ደላላው የሚያቀርብልዎትን ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት ረጋ ብለው ያንብቡት። በእንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ «ሽያጭ» የሚል ቃል አይገኝም፤ ገበሬው ከእርስዎ ገንዘብ እንደተበደረ ወይም ቦታውን በስጦታ እንደሰጠ ተደርጎ ይጻፍና ሦስት ምስክሮች ይፈርሙበታል። እንዲህ የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ስለሚደነግግ፣ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ ሊሸጥልዎ የሚችል መሬት የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723ም የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ይህን ወረቀት ግን የሚመዘግብልዎ አካል አያገኙም። ነገ ገበሬው ወይም ወራሾቹ ቢክዱዎት ብድር ብለው የጻፉት ያው ብድር ሆኖ ይቀራል፤ ከተማው ቦታውን ሲፈልገው ደግሞ ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊው ባለይዞታ እንጂ በሌሊት የጨረቃ ቤት ለሠራ ሰው አይደለም። በዚህ መንገድ ገብተው ኋላ ካርታ ያገኙ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ደላላውም የሚጠራልዎ እነሱን ብቻ ነው።

ኮንዶሚኒየምን በተመለከተ፣ በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 መርሐ ግብሮች የተካሄደው ምዝገባ፣ በየጊዜው በዜና የሚሰሙት ዕጣም የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ሐዋሳን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ወርዶ የነበረ ቢሆንም፣ እንደ ዋና ከተማው አልዘለቀም። ስለዚህ የቤተሰብዎን ዕቅድ ገና ባልተከፈተ ምዝገባ ላይ እንዲያንጠለጥሉት አንመክርም።

በእኛ አስተያየት የሚያዋጣው ማኅበሩ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ መሬት በጨረታ ወይም በምደባ (ያለ ጨረታ) ብቻ እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ በመንግሥት ተቀባይነት ላገኙ፣ እንደ ቤት ማኅበር ያሉ ሰዎች በራሳቸው አቅም ለሚሠሯቸው የራስ አገዝ ቤቶች ግንባታ የምደባውን በር ክፍት አድርጎታል፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመንም 99 ዓመት ነው። በጨረታ ከባለሀብት ጋር መፎካከር ለሁለት ደመወዝተኞች የሚቀመስ ባለመሆኑ፣ ምደባው ለእንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ የቀረ መንገድ ነው ለማለት ይቻላል። ይሁንና ማኅበር ሁሉ ማኅበር አይደለም። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ተመዝግቦ የሕጋዊ ሰውነት ማረጋገጫ መያዙን፣ መዋጮው በሊቀ መንበሩ የግል ደብተር ሳይሆን በማኅበሩ ስም በተከፈተ ዝግ ሒሳብ መቀመጡን፣ ሒሳቡም በኦዲተር መመርመሩን በዓይንዎ ይዩ። «ቦታው በዚህ ወር ይሰጠናል» ከተባሉ ከከተማው የተጻፈውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይጠይቁ፤ የሌለ ደብዳቤ ቁጥር የለውም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቦታው ዓመታት ሊፈጅ፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋም የቆጠባችሁትን ሊበላው እንደሚችል ሳንነግርዎ አናልፍም።

እስከዚያው ድረስ ስለ ኪራዩ፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይም ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። የክልል ከተሞች የሚካተቱት ክልሉ ሲወስን በመሆኑ፣ በሐዋሳ ያለውን አፈጻጸም ከክፍለ ከተማዎ ይጠይቁ፤ ውልዎ እስካሁን በቃል ከሆነም በጽሑፍ ያድርጉት።