ሴሎቹ አልሞቱም ነበር

ሰሞኑን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ የስብ ሴሎችን አድሬናሊን ስሰጣቸው ኤቲፒያቸው ያሽቆለቁላል። አማካሪዬ ሞተውብሽ ነው፣ ድፊው አሉኝ። ግን ሆዱን በስብ የሞላ ሴል እንዴት ጉልበት ያጣል?» ትላለች። ኤቲፒ ማለት ሴሉ ሥራውን የሚሠራበት የጉልበት ሞለኪውል ነው። ለእሷ ብቻ ልመልስ ብዬ ጀመርኩና ነገሩ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ። እናንተም ስሙት።

በወጣትነቴ ላቦራቶሪያችን ውስጥ አንዲት ጠና ያሉ ቴክኒሽያን ነበሩ። እትዬ ነበር የምንላቸው። ዲግሪ የላቸውም። በስብ ሴል አያያዝ ግን ከእሳቸው ወዲያ ላሳር!

የስብ ሴል አመለኛ ነው። ሌላው ሴል ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ሲሽከረከር ታች ይዘቅጣል፤ ይሄኛው ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ፈሳሹን በረጅም መርፌ ከሥር ነው የምትስቡት። ብርጭቆ ዕቃ ላይ በቀላሉ ይፈነዳል፤ ፕላስቲክ ይሻለዋል። ሴሎቹን ኮላጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም ነጠላ ነጠላ አድርጎ የማውጣቱን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተመው ማርቲን ሮድቤል ነው። በ1994 ኖቤል የተሸለመው ግን መልእክትን ወደ ሴል ውስጥ በሚያስተላልፈው በጂ ፕሮቲን ሥራው ነው። ይህን ያነሳሁት እንዲሁ ስለምወደው ነው።

አንድ ቀን አድሬናሊን የገባበት ቱቦ ኤቲፒው ወርዶ ተገኘ። ኃላፊያችን መጣ፣ ቁጥሩን አየ፣ «ሞተዋል» አለ። ገጹን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። እትዬ ቱቦውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩት። «ታዲያ ዘይቱ የታል?» አሉ። የስብ ሴል ሲሞት ብዙውን ጊዜ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ዘይቱ ፈሳሹ ላይ እንደ ቀለበት ይንሳፈፋል። ያ ቱቦ ላይ ቀለበት አልነበረም። «አልሞቱም። አልቡሚኑ ነው ያነሰባቸው» አሉ፤ ቱቦው ውስጥ የምንጨምረውን የደም ፕሮቲን ማለታቸው ነው። ማን ይስማቸው! ቱቦው ተደፋ።

ትክክል ነበሩ። አድሬናሊን ሴሉ ውስጥ የተከማቸውን ስብ ያስፈታዋል። ከአንዱ የስብ ሞለኪውል ሦስት ፋቲ አሲድና አንድ ግሊሰሮል ይወጣል። ፋቲ አሲዱ ከሴሉ ወጥቶ መሄድ አለበት፤ ደም ውስጥ ተሸክሞ የሚወስደው አልቡሚን ነው። ቱቦው ውስጥ አልቡሚኑ ካነሰ ፋቲ አሲዱ መሄጃ ያጣና እዚያው ይጠራቀማል። የተወሰነው ተመልሶ ስብ ይሆናል፤ ያም ኤቲፒ ይበላል። የባሰው ግን የሴሉ የጉልበት ፋብሪካ፣ ሚቶኮንድሪያው ላይ ነው። ሚቶኮንድሪያ ፕሮቶኖችን በሽፋኑ በአንድ ወገን እንደ ግድብ ውሃ አጠራቅሞ በሚመለሱበት ኃይል ነው ኤቲፒ የሚሠራው። የበዛ ፋቲ አሲድ ፕሮቶኖቹን በሌላ በኩል ያሾልካቸዋል። ነዳጁ ይነዳል፤ ኤቲፒ ግን የለም፣ ሙቀት ብቻ። አድሬናሊን መልእክቱን ሴሉ ውስጥ የሚያስተላልፍበት ሳይክሊክ ኤኤምፒም ከኤቲፒ ስለሚሠራ፣ ኋላ ላይ ስቡን የመፍታቱ ሥራ ራሱ ይቀዘቅዛል።

ቡናማው የስብ ሴል ይሄንኑ ሆን ብሎ ያደርገዋል። ዩሲፒ 1 የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ፋቲ አሲድ ሲያገኝ ይከፈትና ሰውነትን ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጡ ጥናቶች አዋቂ ሰውም የሚሠራ ቡናማ ስብ እንዳለው አሳይተዋል። ይሄን ሰምታችሁ ስብ የሚያቃጥል እንክብል አለ ወይ የምትሉኝ በዝታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዳይናይትሮፊኖል የሚባል ነገር ለክብደት መቀነሻ ይዋጥ ነበር። እሱም ፕሮቶኑን ያሾልካል፣ ያውም በመላ ሰውነት። ሰዎች በሙቀት ሞቱ። በቃ፣ ስለ እንክብል ሌላ አልናገርም።

የምቆጨው ግኝት አመለጠን ብዬ አይደለም። በኋላ ሳነብ፣ በስብ ሴል ውስጥ ፋቲ አሲድ ሲጠራቀም ኤቲፒ እንደሚወርድ እ.ኤ.አ. በ1971 ታትሞ አገኘሁት። የሚያንገበግበኝ እትዬ ጡረታ ሲወጡ ስማቸው የሰፈረበት አንድም ወረቀት አለመኖሩ ነው። ያቺ የተሰረዘች ገጽ ትክክል እንደነበረች እንኳን የነገራቸው የለም።

የዛሬ ልጆች ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የመለኪያ ኪት ገዝታችሁ፣ ማሽኑ ያወጣውን ግራፍ ታያላችሁ እንጂ ቱቦውን ዞር ብላችሁ አታዩትም። ደግሞ ትልቅ ሰው አትሰሙም። እንዲህ እላለሁ እንጂ፣ በእኛ ጊዜ አማካሪው ሞተዋል ካለ ሞተዋል ነበር። ይቺ ልጅ ግን ሌላ ሰው ጠየቀች። ሳስበው እናንተ ሳትሻሉ አትቀሩም።

እንግዲህ ለጠያቂዬ፦ ከፋቲ አሲድ የጸዳውን አልቡሚን ግዢ፤ ተራው ከደም ሲወጣ ፋቲ አሲዱን እንደተሸከመ ነው የሚመጣው። አንዱን ቱቦ በትንሹ፣ ሌላውን በብዛት አድርጊበት። በብዛት ያደረግሽበት ኤቲፒው ካልወረደ ሴሎችሽ ደህና ናቸው። ግሊሰሮሉንም ለኪ። ፋቲ አሲዱ ተመልሶ ስብ ስለሚሆን ያታልልሻል፤ ስብ የሚያከማቸው ተራው ነጭ የስብ ሴል ግን ግሊሰሮሉን መልሶ እምብዛም ስለማይጠቀምበት፣ ስቡ ምን ያህል እንደተፈታ እሱ ይነግርሻል።