«አብዷል» ያልኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት አንድ የባሕር ዳር፣ የሽምብጥ ሰፈር ልጅ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ውሻዬ ምላሱን ጥሎ ያለከልካል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ጎረቤት አብዷል እያለ ነው። ላስገድለው እንዴ?» ይላል። ቪዲዮው ከአስር ሰከንድ አይበልጥም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደጋግሜ ሳየው ዋልኩ።

ለልጁስ ቪዲዮው እንደደረሰኝ ደውዬ ማድረግ ያለበትን ነግሬዋለሁ። እሱ ሌሊቱን ተኝቶ አደረ፣ እኔን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያደረ ነገር ተቀስቅሶብኝ ነው። እናንተም ውሻ የምታሳድጉ ልጆች ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው።

1987 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ። ከደብረ ዘይት በእንስሳት ሕክምና ተመርቄ ባሕር ዳር ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ነጭ ጋዋን አለኝ፣ ደረት ኪሴ ውስጥ ቴርሞሜትር አለ፣ ኩራቴም ለብቻው አንድ ሰው ያህላል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ እያለከለከ መጣ። «ዶክተር ቶሎ ይምጡ፣ ውሻ አብዷል!»

ግቢው ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ሰው በሩ ላይ ግጥም ብሏል፣ ጎረምሶቹ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለዋል። ውሻው ቦቢ ይባላል። ቡናማ፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ደረተ ሰፊ። የታሰረው የአጥሩ ብረት ላይ ነው፣ ሰንሰለቱ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ይነሳል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። አፉ ዙሪያ ነጭ አረፋ ደፍቋል። ዓይኑ ወደ ሰው ቢዞርም ሰው አያይም። አጠገቡ አንድ የቲማቲም ጣሳ በጎኑ ተኝቷል። መሬቱ ላይ ውሃው የፈሰሰበት ቦታ ደርቆ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

የቤቱ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ እናቷ ቀሚስ ኋላ ቆማ «ውሃ ጠምቶት ነው። ጠዋት ጣሳውን ደፍቶታል» አለች። እናቷ «ዝም በይ፣ ዶክተሩ ያውቃል» አለቻት።

ዶክተሩ አያውቅም ነበር። ያበደ ውሻ ያየሁት ደብተሬ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሰው አፍ አፌን ያየኛል። ከበሩ አንድ እርምጃ አልገባሁም። ጣሳዋን አየኋት፣ ልጅቷንም ሰምቻታለሁ። «አብዷል» አልኩ።

የቀረውን ጎረምሶቹ በድንጋይ ጨረሱት። ቡና አንዴ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም።

ጓንት አድርጌ ሰንሰለቱን ልፈታ ስጠጋ እጄን ሰበሰብኩ። ገላው ጓንቱን አልፎ ያቃጥላል። ያኔ ነው ቴርሞሜትሩ ትዝ ያለኝ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፣ 41 ካለፈ ጭንቅላቱም ኩላሊቱም ይጎዳል። ሜርኩሪው 42 ላይ ደርሶ መሄጃ አጣ።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚረጋገጠው ከአንጎል በሚወሰድ ናሙና ስለሆነ ጭንቅላቱ አዲስ አበባ መላክ ነበረበት። በረዶውን ከዓሣ ነጋዴዎች ገዛሁ። አባይ በረሃን ሲያቋርጥ እንዳይቀልጥ ብዬ በጭድ ጠቀጠቅኩት። ለሞተው ውሻ አንድ ሳጥን በረዶ ተገኘለት፤ በሕይወቱ አንድ ጣሳ ውሃ የሚሞላለት ጠፍቶ። ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። የእብድ ውሻ በሽታ የለበትም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለቤተሰቡ አልነገርኩም። ያችን ልጅ «ልክ ነበርሽ» ያላት ሰው የለም። አሁን አርባ ሊሞላት ነው።

አባትየውን ጨካኝ እንዳትሉት። ጠዋት ሲያስረው ቦታው ጥላ ነበር። ነገሩን ያሰላሁት ቆይቼ ነው። ሚያዝያ 12 ገደማ ፀሐይ ባሕር ዳር ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ግድግዳ ጥላ የለውም፣ አጥር ጥላ የለውም፣ ሰውም የራሱን ጥላ ረግጦ ነው የሚቆመው። በዚያ ላይ ቆርቆሮው ሙቀቱን መልሶ ይተፋዋል። ውሻ ደግሞ እንደ እኛ ገላው አያልበውም። መዳፉ ላይ ጥቂት ያልበዋል፣ ሌላው ሁሉ በማለክለክ ነው። ምላሱና አፉ ላይ ያለው እርጥበት ሲተን ነው ገላው የሚበርደው። ውሃ ካለቀበት የሚተን ነገር የለም። ግንቦት ላይ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሐይቁ የሚነሳው ወበቅም ያው ነው፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ማለክለኩ ብዙም አይረዳውም።

እኛ አገር ውሻ በፀሐይና በጥም ያብዳል ይባላል። አያብድም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው፣ ካበደ እንስሳ በንክሻና በምራቅ ይመጣል። ያበደ ውሻ ጠባዩ በቀናት ውስጥ ይለወጣል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ሙቀት የመታው ግን ጠዋት በልቶ ጠጥቶ ሲጫወት የነበረ ነው፤ ፀሐይ ላይ ውሎ ድንገት ይወድቃል። ድዱ ደም ይመስላል፣ ለሃጩ ይወፍራል፣ ያስታውካል። የሽምብጡን ልጅም መጀመሪያ የጠየቅኩት «መቼ ጀመረው? ዘንድሮ ተከትቧል?» ብዬ ነው። ጠዋት ደህና ነበር፣ የክትባት ካርዱም ማኅተም አለው። «በል ቱቦውን ክፈት» አልኩት።

ይህን ብያችሁ ደግሞ ራሴን ላፍርስ። የማታውቁት ውሻ መንገድ ላይ ለሃጩን እያዝረበረበ ሲንገዳገድ ብታገኙት አትጠጉት። እኔ በዚያ ቀን በሩ ላይ መቆሜ ስህተት አልነበረም። ጥፋቴ ሳልጠይቅ መፍረዴ ነው። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ። በዚህ ቀልድ የለም።

የራሳችሁ ውሻ ከሆነ፣ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ መላ ገላውን በቧንቧ ውሃ አርሱት፣ አራግቡት። በረዶ ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ። በእርጥብ ብርድ ልብስ ሸፍናችሁ አትተዉት፣ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ውሃ በግድ አፉ ውስጥ አትጨምሩበት፣ ትን ይለዋል። ከዚያ ወደ ሐኪም፤ ቢነሳም እንኳ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁም ማራገቡን አታቁሙ።

የዓሣ አስጋሪዎቹን ውሾች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማንም አላስተማራቸውም። ረፋድ ላይ ደለሉን በእግራቸው ይጭሩና እርጥቡ ላይ በሆዳቸው ይለጠፋሉ። አንድ አሮጌ ነጭ ውሻ ነበር፣ ታንኳ ተገልብጦ ሲደርቅ ጠብቆ ከሥሩ የሚገባ። ባለታንኳው ሲመለስ ውሻውን ሳይቀሰቅስ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር። ዛሬ ግን ዳር ላይ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ሲመስል ውሻችሁን አታጠጡት። መርዝ ያለው ዋቅላሚ፣ አልጌ የሚሉት፣ ሊሆን ይችላል። እምቦጭ ብቻ አይደለም የጣና ችግር።

እናንተን ሳይ ደስም ይለኛል፣ እናደዳለሁም። እኛ ውሻን ትራፊ ሰጥተን የምንረሳው ነበርን፤ እናንተ በስሙ ትጠሩታላችሁ፣ ታስከትቡታላችሁ። ግን ይኼ የፎቶ ነገር! እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ በረዶ አገር የበቀለ ጠጉር የለበሰ ውሻ በአስፋልት እየጎተታችሁ ሐይቅ ዳር ትወስዱታላችሁ። እናንተ ስኒከር አድርጋችኋል። አፍንጫው ድፍጥጥ ያለውን የምትገዙትም አላችሁ፤ እሱ ጥላ ውስጥ ተኝቶም መተንፈስ ሥራው ነው። ማውጣት ከሆነ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ አውጡት። አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ለኩት። አምስት ሰከንድ ካላስቻላችሁ እሱንም አያስችለውም።

ውሻ ቦታው ውጭ ነው ብዬ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ይህን ስጽፍ የኔዋ ውሻ ሳሎኑ ሲሚንቶ ላይ እግሯን ዘርግታ ተኝታለች። ባለቤቴ ምንጣፉን ያነሳችው ለእሷ ብላ ነው። እኔ አልተናገርኩም።

ልጁ ትናንት እንደገና ጻፈልኝ። ውሻው ድኗል፣ ሐኪም አይቶታል፣ ማንጎው ሥር ቦታ አበጅቶለታል። ሁለት ሰፊ ሳፋ ውሃ አስቀምጧል፣ አንዱን ቢደፋው ሌላው እንዲቀርለት። «ጋሼ፣ ሰንሰለቱን ስንት ሜትር ላድርገው?» አለኝ።

«አውልቀውና የግቢውን በር ዝጋ» አልኩት።